ወፍ ዘራሽ የተወለደችው አጥር ላይ ነው

ባለፈው ሳምንት ወደ ሱሉልታ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ጎረምሳ በመስኮት እያየ፣ «ይሄ ሁሉ ወፍ ዘራሽ ቤት መቼ በቀለ?» አለ። በልቤ «ወንድሜ፣ እሱማ ጨረቃ ቤት ነው» አልኩ። በሌሊት ተሠርቶ የሚያድር ቤት የራሱ ስም አለው። ወፏን ምን አገባት?

ያደግኩት እዚያው ከእንጦጦ ጀርባ ነው። የአያቴ ግቢ በደረቅ እንጨት የታጠረ ነበር። አጥሩ ላይ ራሷ ጠቆር ያለ ቡናማ ወፍ ትመጣለች። የወፍ አጥኚዎች ቡልቡል ይሏታል፤ እኛ ቤት ግን «ያቺ ለፍላፊ» ነበረች። በበጋ አጋሙና ቀጋው ሲቀላ ከጠዋት ጀምራ ስትለቅም ትውላለች። ጥርስ የላት፣ ሙሉውን ዋጥ ነው። ከዚያ አጥራችን ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ኩሷን ትጥላለች። እንጨቱ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ይቀራል። አንድ ቀን በስንጥር ጫር ባደርገው ሁለት የአጋም ዘር ወጣ፤ ታጥቦ የተቀመጠ ይመስል ንጹሕ!

ክረምት ሲገባ ወፏ ገበታዋን ትቀይራለች። አባጨጓሬ ትለቅማለች፤ ዝናብ ሲያባራ ክንፍ አውጥቶ የሚነሳውን ጉንዳን አየር ላይ ትቀልባለች። ጫጩቶቿንም የምታሳድገው በአብዛኛው በትልና በነፍሳት ነው። በበጋ የጣለችውን ግን መሬቱ አልረሳም። የሰኔ ዝናብ ሲያገኘው ብቅ ይላል፤ ያውም አጥሩን ተከትሎ፣ ገመድ ተወጥሮ የተተከለ ይመስል በመስመር። ልነቅለው ስታገል አያቴ «ተወው የኔ ልጅ፣ ወፍ ዘራሽ ነው» ይሉኛል። እንጨቱ በስብሶ ሲወድቅ አጋሙ በቦታው ቆሞ ነበር። ሌላ አጥር አላጠርንም።

ታዲያ አባባሉ ከየት መጣ? ብዙ ሰው ከእርሻ ነው ይላል፤ ማንም ሳይዘራው ማሳ ውስጥ የበቀለ ጤፍ ወይም ኑግ ወፍ ዘራሽ ይባላልና። እኔ አልስማማም። እህል የሚበላ ወፍ ዘር አይዘራም፤ ሰባብሮና ፈጭቶ ነው የሚበላው። ግሪሳ የወረደበትን ማሽላ ያየ ሰው «ዘሪ» ብሎ ሊጠራት አይችልም! ፍሬውን በልታ ዘሩን በደህና የምትመልሰው የአጥሯ ወፍ ነች። ስለዚህ ቃሉ የተወለደው አጥር ሥር ነው፤ ወደ ማሳ የገባው በኋላ ነው። ማስረጃህ ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ የአያቴ አጥር። ደግሞም አያቴ ሲሉት ስድብ አልነበረም፤ «አትንካው፣ ባለቤት አለው» ማለት ነበር።

ዛሬ ግን በአብዛኛው ለስድብ ሆኗል። አባቱ ያልታወቀ ልጅ ወፍ ዘራሽ፣ ትናንት ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ወፍ ዘራሽ። ባሕር ዛፉን ሳይቀር ወፍ ዘራሽ ሲሉ ሰምቻለሁ! ባሕር ዛፍ እኮ በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ በሰው እጅ የተተከለ ነው። ዘሩም ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ወፍ የሚያጓጓ ሥጋ የለውም። ቢያንስ ወፏ የማትበላውን አንለጥፍባት።

ጎረምሳው ሱሉልታ መግቢያ ላይ «ወራጅ!» ብሎ ወረደ። ሽቦ አጥሩን ታኮ ሲሄድ ከሽቦው ሥር የበቀለች፣ ጉልበት የማትደርስ ቀጋ ሱሪውን ያዘችው። ጎንበስ ብሎ እሾኋን እያላቀቀ፣ «ይቺን ደግሞ እዚህ ማን ተከላት?» አለ።