2,147,483,647

ይህ ቁጥር የሚገኘው 31 ሁለቶችን አባዝቶ ከውጤቱ 1 በመቀነስ ነው፦ 2³¹ − 1። በባይነሪ (በ0 እና በ1 ብቻ) ሲጻፍ 31 አንዶች ተደርድረው ይታያሉ፤ ዜሮ የሚባል የለበትም። በሒሳብም በኮምፒውተርም ስሙን ያስጠራው ይኸው አሠራሩ ነው።

ቁጥሩ ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም፤ በዚህ ዓይነት ከሚገኙት የመርሰን ብቸኛ ቁጥሮች በተራ 8ኛው። ጣሊያናዊው ፒየትሮ ካታልዲ ቀደም ብሎ ብቸኛ ነው ብሎት ነበር፤ ግን 2²³ − 1ንም እንዲሁ ብሎታል፣ እሱ ደግሞ 47 × 178,481 ነው። ስለዚህ ግምቱ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1772 ከሊዮናርድ ኦይለር ነው።

የቁጥሩ ዳግም ዘር 46,340 ከምናምን ስለሆነ ከዚያ በታች አካፋይ ካልተገኘ ነገሩ አለቀ። ሁሉን መሞከር ግን አያስፈልግም። ማንኛውም ብቸኛ አካፋዩ ለ62 ሲካፈል 1፣ ለ8 ሲካፈል ደግሞ 1 ወይም 7 ማስቀረት አለበት። ሁለቱ ሲጣመሩ ለ248 ተካፍለው 1 ወይም 63 የሚያስቀሩ ቁጥሮች ብቻ ይቀራሉ። ብቸኛ ያልሆኑት 1 እና 63 ራሳቸው ሲወጡ 372 ናቸው፤ ታግሶ ለሚቀመጥ ሰው በእጅ የሚያልቅ ሥራ። ዛሬ በሉካስ–ሌመር ዘዴ ከ4 ተነስቶ ማባዛትና 2 መቀነስ ይበቃል፦ ቁጥሩን በራሱ አባዛ፣ 2 ቀንስ፣ ለ2,147,483,647 አካፍለህ ቀሪውን ያዝ። 29 ጊዜ ሲደጋገም ቀሪው 0 ይሆናል፤ ይህም ብቸኛነቱን ያረጋግጣል። ማካፈሉም ቀላል ነው፤ 2³¹ ተካፍሎ 1 ስለሚያስቀር ከታችኛዎቹ 31 ቢቶች (የባይነሪ አሃዞች) በላይ ያለውን ቆርጦ ከታችኛው ጋር መደመር ነው፤ ድምሩ አሁንም ከበለጠ ይደገማል።

በ2³⁰ ሲባዛ 2,305,843,008,139,952,128 የተባለውን ፍጹም ቁጥር ይሰጣል፤ ከራሱ በታች ያሉ አካፋዮቹ ሲደመሩ መልሰው ራሱን ይሆናሉ። ቁጥሩን የ2 አርቢ አድርጎ 1 መቀነስ ግን ብቸኛ ቁጥር አያስገኝም፤ 295,257,526,626,031 ያካፍለዋል።

በኮምፒውተር፣ ባለ 32 ቢት ባለ ምልክት ኢንቲጀር (አሉታዊም አዎንታዊም ሊሆን የሚችል ሙሉ ቁጥር) ጣሪያም ይኸው ነው፤ 32ኛው ቢት ለምልክት ይያዛል። በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ 1 ሲደመርበት −2,147,483,648 ይሆናል፤ በሲ ደግሞ ውጤቱ ምን እንደሚሆን ቋንቋው ዋስትና አይሰጥም። የታወቀው ስህተት የሁለት ትልልቅ መጠቆሚያዎችን (በዝርዝር ውስጥ ቦታ የሚያሳዩ ቁጥሮችን) አማካይ ደምሮ ለ2 በማካፈል መፈለግ ነው፤ ድምሩ ጣሪያውን ያልፋል። የልዩነታቸውን ግማሽ በታችኛው ላይ መደመር ይሻላል። ከእ.ኤ.አ. 1970 መባቻ ጀምሮ ሰከንድ የሚቆጥሩ ባለ 32 ቢት ሰዓቶችም በዓለም አቀፍ ሰዓት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ 03:14:07 ላይ እዚሁ ጣሪያ ይደርሳሉ።

ባለ 32 ቢት ፍሎት (ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች የሚይዝ ዓይነት) ቁጥሩን በትክክል አይዘውም፤ ለአሃዞቹ 24 ቢት ብቻ ስለሚያስቀምጥ ወደ 2,147,483,648 ያጠጋጋዋል። ያን መልሶ ወደ ኢንቲጀር መለወጥ ደግሞ ሌላ ስህተት ይወልዳል።