የመኪና ሞተር እጥበት በቤት

የሞተር እጥበት ሲባል ከኮፈን ስር ያለውን ነገር በሙሉ፣ የሞተሩን አካል፣ ቱቦዎቹን፣ የባትሪውን ዙሪያ፣ የፕላስቲክ ሽፋኖቹን ከዘይት፣ ከግሪስ፣ ከአቧራና ከቅጠል ማጽዳት ማለት ነው። ብዙው ሰው ለመልኩ ብሎ ነው የሚያጥበው፣ ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ ንጹህ ሞተር ላይ ዘይት ወይም የራዲያተር ውሃ ማፍሰስ ከጀመረ የት እንደሆነ ወዲያው ይታያል። ጭስ ማውጫው አጠገብ የተጠራቀመ ዘይትና ደረቅ ቅጠልም እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል እሱን ማንሳት በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሲታጠብ የሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል የሚሉም አሉ፣ የራዲያተሩ ፊት በቆሻሻ ካልተደፈነ በቀር ግን ለውጡ ያን ያህል አይደለም።

ድሮ ስራው በነጭ ጋዝና በብሩሽ ነበር። በአውሮፓ የመጀመሪያውን የሙቅ ውሃ ከፍተኛ ግፊት ማጠቢያ ካርሸር የሚባለው የጀርመን ኩባንያ በ1950 ሰራ፣ ከዛ ወዲህ ግፊት ያለው ውሃ እየተለመደ መጣ።

ዋናው ጉዳይ ኤሌክትሪክ ነው። የካርቡራተር ዘመን መኪና ላይ ዲስትሪቡተሩ (ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ውስጥ እርጥበት ከገባ ብልጭታው መንገዱን ይስትና ሞተሩ ይንተፋተፋል ወይም ጭራሽ አይነሳም፣ መፍትሄው ግን ካፑን ከፍቶ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ መመለስ ነበር። አሁን ያለው መኪና በኮምፒውተር ነው የሚሰራው፣ ኮፈኑ ስር ብዙ ሴንሰርና ሶኬት አለ። እነዚህ ሶኬቶች ውሃ አያስገቡም ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን ምን ዓይነት ውሃ የሚለው መታየት አለበት። አይፒ67 የሚባለው ውሃ የመከላከል ደረጃ የሚፈተነው 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ በመቀመጥ ነው፤ ከ80 እስከ 100 ባር ግፊትና 80 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ የሚፈተንበት ሌላ ደረጃ ነው፣ አይፒ69ኬ ይባላል። ለቤት የሚሸጡ ብዙ የግፊት ማጠቢያዎች ከ100 ባር በላይ ይሰጣሉ፣ የቆየ መኪና ላይ ደግሞ የሶኬቱ ጎማ ደርቆ ሊሆን ይችላል። በዛ በኩል የገባች ጠብታ ቶሎ አትወጣም፣ ቀስ እያለች ፒኖቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ታበቅላለች፣ መኪናው ችግር ሲያሳይ እጥበቱ ቀድሞ ተረስቷል።

ስለዚህ በቤት ለሚሰራ ሰው ከብሩሽ፣ ከጨርቅና በቀስታ ከሚፈስ ውሃ የተሻለ ዘዴ የለም። መጀመሪያ ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ የጋለ የጭስ ማውጫ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ የዘይት ማስለቀቂያውም፣ ማለትም ዘይትና ግሪስ የሚያላቅቀው ፈሳሽ፣ ሳይሰራ ይደርቃል። ቤንዚን ለዚህ ስራ ፈጽሞ አይነካም፣ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳን በእሳት የሚያያዝ ትነት ይሰጣል። ባትሪው ሲነቀል ኔጌቲቩ ይቀድማል፣ ሲመለስ ደግሞ መጨረሻ የሚታሰረው እሱ ነው። አንዳንዶች መንቀል አያስፈልግም፣ የሬዲዮ ኮድ ይጠፋል ይላሉ፣ ይሄ እንደ መኪናው ይለያያል፣ ግን ሙቅ ሞተር ላይ የራዲያተሩ ፋን ቁልፍ ሳይከፈት ሊነሳ እንደሚችልም አይረሳ። ተርሚናሉ ላይ ያለው ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ላይ በውሃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ሲደረግ አረፋ እየሰራ ይለቃል፣ የባትሪው ቀዳዳ ግን ይዘጋ፣ ውስጥ ከገባ አሲዱን ያበላሸዋል።

አልተርኔተሩ (ባትሪውን የሚሞላው)፣ የፊውዝ ሳጥኑ፣ የአየር መሳቢያውና ኮይሎቹ (ለካንዴላ ብልጭታ የሚሰጡት) በፌስታል ይሸፈናሉ። ማስለቀቂያው ከታች ወደ ላይ ይረጫል፣ ትንሽ ይቆያል፣ በለስላሳ ብሩሽ ይፈተግና ከላይ ወደ ታች ይለቀለቃል። ቺንጋው ላይ እንዳይነካ፣ ይንሸራተታል። የካንዴላ ጉድጓዶች ውሃ ይይዛሉ፣ አንዷ ጉድጓድ ውስጥ ትንሽ ውሃ ከቀረ ሞተሩ አንድ ሲሊንደር አጥቶ ይንቀጠቀጣል፣ የቼክ ኢንጂን መብራትም ይበራል፤ በኮምፕሬሰር አየር ወይም በጨርቅ ማድረቅ የግድ ነው። ፌስታሎቹ፣ በተለይ የአየር መሳቢያው፣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ይውጡ። ከዛ ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ 10 ወይም 15 ደቂቃ ቢሰራ የቀረውን እርጥበት ሙቀቱ ያወጣዋል።

ሞተሩ እየሰራ ማጠብ ይሻላል የሚል ወገን አለ፣ ይሄ ግን ስህተት ነው፤ የሚሽከረከር ቺንጋ ጨርቁንም እጅንም ይዞ ይሄዳል።

ሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሸከማሉ፣ እነሱ አካባቢ ውሃ አይረጭም፣ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

የሚወርደው ውሃ ዘይትና ኬሚካል የያዘ ስለሆነ ወደ ዝናብ ውሃ ቦይ ወይም አፈር ላይ መልቀቅ ውሃም ተክልም ይበክላል። ስር ላስቲክ ተነጥፎ አሸዋ ወይም የእንጨት ብናኝ ቢደረግበት ዘይቱን ይመጠዋል፣ ብናኙም ከተቃጠለ ዘይት ጋር ለብቻው ይወገዳል።