ግትር የፖሊመር ሰንሰለቶች አጠቃለልና አዘረጋግ

ፖሊመር ጥቃቅን ክፍሎች ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ነው። የሰንሰለቱ ግትርነት የሚለካው ዙሪያውን ያሉት የውሃ ሞለኪውሎች ያለማቋረጥ እየገፉት አቅጣጫውን ሳይስት በሚዘልቅበት ርቀት ሲሆን፣ ተመራማሪዎቹ ክራትኪና ፖሮድ እ.ኤ.አ. በ1949 ያቀረቡት፣ ሰንሰለቱን ቀስ እያለ እንደሚጣመም ዘንግ የሚያየው የትል መሰል ሰንሰለት ሞዴል ዛሬም የዘርፉ መሠረት ነው። ዲኤንኤ 2 ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ብቻ ወፍሮ ይህ ርቀቱ 50 ናኖሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በሕዋስ ውስጥ ያለው አክቲን የተባለው የፕሮቲን ክር ደግሞ ከዚህ በብዙ መቶ እጥፍ ይገትራል።

በዲኤንኤ ሰንሰለት ላይ የተደረደሩት ፎስፌት የተባሉ ክፍሎች ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ሰንሰለቱ በውሃ ውስጥ ራሱን በራሱ ይገፋል። እንደ ስፐርሚዲን ያለ ሦስት ፖዘቲቭ ቻርጅ የተሸከመ አዮን ሲጨመርና ከቻርጁ 90 በመቶ ያህሉ ሲጣፋ ግን ጎን ለጎን ያሉት ክሮች መሳሳብ ይጀምራሉ፤ የገበታ ጨው ሶዲየም ባለ አንድ ቻርጅ በመሆኑ ብቻውን ይህን አያደርግም። ተመራማሪዎቹ ጎሱሌና ሼልማን እ.ኤ.አ. በ1976 በስፐርሚዲን የተሰበሰበ ዲኤንኤ የቀለበት ቅርጽ እንደሚይዝ አሳይተዋል። ቅርጹ የእንስራ ማስቀመጫ ማቶትን ይመስላል፤ የውጭ ስፋቱ 100 ናኖሜትር ገደማ፣ መሃሉም ክፍት ነው።

ከሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው ይህ ክፍት መሃል ነው። ለስላሳ የጥጥ ፈትል ሲጠቀለል ልቃቂት ይሆናል፤ ሽቦ ሲጠቀለል ግን መሃሉን ባዶ ይተዋል፤ ምክንያቱም የመታጠፊያው ራዲየስ በግማሽ ሲያጥር በእያንዳንዱ ናኖሜትር ላይ የሚወጣው ጉልበት አራት እጥፍ ያድጋል። ክሮቹ ለመቀራረብ ይሳሳባሉ፣ ግትርነቱ ደግሞ ጠበቅ ብሎ መታጠፍን ይከለክላል፤ የቀለበቱን መጠን የሚወስነውም በአብዛኛው የሁለቱ ትግል ነው።

በተቃራኒው ሰንሰለቱ ሲሳብ፣ መጀመሪያ የሚቃወመው የኬሚካል ትስስሩ ሳይሆን ሰንሰለቱ ሊጣመምባቸው የሚችላቸው ቅርጾች ብዛት መቀነሱ ነው። ኃይሉ 65 ፒኮኒውተን (አንድ ፒኮኒውተን የኒውተን አንድ ትሪሊዮንኛ ነው) አካባቢ ሲደርስ ግን ዲኤንኤ በድንገት ከቀድሞ ርዝመቱ 1.7 እጥፍ ያህል ይሆናል። ተጠቅልሎ የነበረው ቀለበት ሲሳብ ደግሞ ጥቅሎቹ ያዝ ለቀቅ እያሉ ይፈታሉ።

ፋይ29 የተባለው የባክቴሪያ ቫይረስ ይህን ትግል በጉልበት ያሸንፋል። ዲኤንኤውን የሚያስገባው የሞለኪውል ሞተሩ እስከ 57 ፒኮኒውተን እየገፋ፣ 6.6 ማይክሮሜትር የሚረዝመውን ዲኤንኤ 42 በ54 ናኖሜትር በሆነ ቅርፊት ውስጥ ያጭቃል፤ ይህም ሰንሰለቱ በተፈጥሮው ቀጥ ብሎ ከሚዘልቅበት ርቀት ብዙም የማይለይ ስፋት ነው።