«ለሰቃዮች ብቻ ነው» እና ሌሎች የሕግ ተማሪን ከዕድሉ የሚያርቁ አመለካከቶች

የጽሑፍ ውድድር ጥሪ፣ የፌሎሺፕ ማስታወቂያ ወይም የዐውደ ጥናት ግብዣ ሲወጣ ብዙ የሕግ ተማሪ ለጓደኛው ያስተላልፈዋል፤ ራሱ ግን አያመለክትም። ለምን ብዬ ስጠይቅ የማገኛቸው መልሶች ይመሳሰላሉ። እኔም ተማሪ ሳለሁ እነዚያኑ መልሶች ለራሴ እየሰጠሁ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቦታ ሳላመለክት ቆይቻለሁ። ኋላ የተማሪዎችን የውድድር ጽሑፍ ከሚያነቡት አንዱ ስሆን ነገሩን ከዳኛው ወንበር አየሁት። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ይህ ለሰቃዮች ነው»

በብዙ የጽሑፍ ውድድሮች ዳኛው የጸሐፊውን ውጤት ይቅርና ስሙን እንኳ አያውቅም። ጽሑፉ የሚደርሰው በመለያ ቁጥር ነው። ስማችሁ፣ ዩኒቨርሲቲያችሁ ወይም በግርጌ ማስታወሻ ያመሰገናችሁት መምህር ከተጠቀሰ ሳይነበብ ውድቅ የሚያደርጉ ውድድሮችም አሉ። (ፋይሉ ራሱ የጸሐፊውን ስም ውስጡ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ከመላካችሁ በፊት የሰነዱን መረጃ ከፍታችሁ አጥፉ።)

ታዲያ ሰውን የሚጥለው ምንድን ነው? ሐሳቡ ደካማ ሆኖ የወደቀ ጽሑፍ ብዙም አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ጥሪው በቅጡ ባለመነበቡ የወደቀው ነው። ገደቡ 3000 ቃል ሲሆን 4200 የላከ አለ። የግርጌ ማስታወሻ ከገደቡ ይቆጠር አይቆጠር ያላጣራ አለ። ጥያቄው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ለሕፃናት ስለሚሰጠው ከለላ ሆኖ ሳለ የሕጉን ታሪክ ተርኮ ገጹን የጨረሰም አለ። የአጠቃቀስ ሥርዓቱም እንዲሁ ነው፤ ጥሪው ኦስኮላን ካለ ኦስኮላ፣ ብሉቡክን ካለ ብሉቡክ። ብሉቡክ በአሜሪካ የተለመደው የሕግ አጠቃቀስ መመሪያ ነው፤ ኦስኮላ በኦክስፎርድ የሕግ ፋኩልቲ የተዘጋጀ፣ በነፃ የሚገኝ መመሪያ ነው፤ መሠረታዊውን ለመያዝ አንድ ቅዳሜ ይበቃል። ይህን ሁሉ ለማሟላት ትዕግሥት እንጂ የተለየ አእምሮ አይጠየቅም።

ውጤት የሚጠይቁ ፌሎሺፖች መኖራቸው እውነት ነው። እዚያም ቢሆን ዝቅተኛውን መስፈርት ካለፉ በኋላ አመልካቾችን ብዙ ጊዜ የሚለያቸው የጽሑፍ ናሙናቸው እና በደንብ የሚያውቃቸው ሰው የጻፈላቸው የድጋፍ ደብዳቤ ነው።

«ርዕሱ በሰፋ፣ ቋንቋው በከበደ መጠን ያሸንፋል»

ከሁሉም በላይ ጉዳት ሲያደርስ ያየሁት አመለካከት ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

«ሰብዓዊ መብትና ቴክኖሎጂ» የሚል ርዕስ የመረጠ ተማሪ ስለ ሁሉም ነገር ጥቂት ጥቂት ብሎ ያልቅበታል። በዚያው ዘርፍ ያለውን ይህን ጥያቄ ተመልከቱ፦ ፖሊስ ተጠርጣሪውን ስልኩን በጣት አሻራው እንዲከፍት ቢያስገድደው፣ በራሱ ላይ ላለመመስከር ያለውን መብት ይጥሳል? የይለፍ ቁጥሩን እንዲናገር ቢያስገድደውስ? ቁጥሩ በአእምሮ የተያዘ ዕውቀት ነው፣ አሻራው ግን እንደ ደም ናሙና የአካል ማስረጃ ነው ብሎ የሚከራከር አለ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ውጤት ስላላቸው ልዩነቱ ትርጉም የለውም የሚልም አለ። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በዚህ ላይ የተለያየ አቋም ይዘዋል። ጥያቄው አንድ ነው፣ ሁለት ወገን አለው፣ በ3000 ቃል ውስጥም ይገባል። ዳኛ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው።

ርዕሳችሁ መጥበቡን የምትፈትኑበት መንገድ አለ። ክርክራችሁን ሕግ ላልተማረ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት። ዓረፍተ ነገሩ «ይህ ጽሑፍ … ን ይዳስሳል» በሚል ካለቀ ገና ክርክር የላችሁም፤ ያላችሁ ርዕስ ብቻ ነው። «አሻራን ማስገደድ ቁጥርን ከማስገደድ ሊለይ አይገባም፤ ምክንያቱም…» ማለት ከቻላችሁ ግን መጻፍ ትችላላችሁ። ቀጥሎ የተቃራኒውን ወገን ክርክር ባለቤቱ ራሱ ቢያቀርበው በሚያቀርበው ጥንካሬ አቅርቡና መልስ ስጡት። ተቃራኒውን አዳክሞ ማሸነፍ በዳኛ ዓይን ወዲያው ይታያል።

ስለ ቋንቋው ብዙ አልልም። «ከላይ በተገለጸው አግባብ መሠረት» በሚሉ ሐረጎች የታጨቀ ገጽ አርባኛውን ጽሑፍ ለሚያነብ ሰው ድካም ነው።

«የተማሪን ጽሑፍ ማን ያነባል?» ለሚሉኝ ሁልጊዜ የምነግራቸው የሊና ካንን ታሪክ ነው። በዬል የሕግ ተማሪ ሳለች አማዞንን መነሻ አድርጋ የአሜሪካ የፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ዋጋ መርከስን ብቻ እያየ የገበያ ጉልበትን እንዳላየ የሚከራከር ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2017 በትምህርት ቤቷ የሕግ መጽሔት አሳተመች። የዘርፉን ክርክር ያነቃነቀ ጽሑፍ ሆነ። በ2021 የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሊቀመንበር ሆነች። ሁሉም እንዲህ አይሆንም፤ ግን የተማሪ ጽሑፍ አይነበብም የሚለው ስህተት ለመሆኑ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም።

«ምስለ ችሎት አንደበተ ርቱዕ ለሆኑ ነው»

ምስለ ችሎት ተማሪዎች በተፈጠረ ጉዳይ ላይ እንደ ጠበቃ የሚከራከሩበት ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በሃርቫርድ የተጀመረው የጄሰፕ ዓለም አቀፍ ሕግ ውድድር፣ ከ1992 ጀምሮ በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል የሚዘጋጀውና ዛሬ በክሪስቶፍ ሄይንስ ስም የሚጠራው የአፍሪካ ሰብዓዊ መብቶች ውድድር፣ በየዓመቱ በቪየና የሚካሄደው የቪስ ንግድ ነክ የግልግል ዳኝነት ውድድር፣ ሁሉም ንግግር ከመጀመሩ በፊት የጽሑፍ ክርክር ይጠይቃሉ። በጄሰፕ እያንዳንዱ ቡድን ለከሳሹም ለተከሳሹም አገር ይጽፋል። ጄሰፕም ቪስም ለጽሑፍ ብቻ የሚሰጡ ሽልማቶች አሏቸው። ስለዚህ ቡድን ሲዋቀር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማምሸት የሚወድ ዝምተኛ ተማሪ የግድ ያስፈልጋል።

በቃል ክርክሩም ቢሆን በቃል የተጠና ንግግር አያዛልቅም። ዳኞች በሁለተኛው ደቂቃ ያቋርጣሉ፤ ነጥብ የሚገኘው ጥያቄውን ሰምቶ መጀመሪያ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብሎ፣ ከዚያ ምክንያቱን በመስጠት ነው። መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር የሚያውቅ ሰው ድምፁ ቢንቀጠቀጥም ይህን ይችላል።

«ፌሎሺፕ የተመረቁና ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ነገር ነው»

ቃሉ ራሱ ያምታታል። ስኮላርሺፕ በዋናነት የትምህርት ወጪን ይሸፍናል፤ ፌሎሺፕ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ተቋም ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ እየሠሩ ወይም እየተመራመሩ መቆየት ነው። ግን ተቋማት ስሙን እንደፈለጉ ስለሚጠቀሙበት ከስሙ ይልቅ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ማን ማመልከት ይችላል፣ ወጪውን ማን ይሸፍናል፣ በማን በኩል ይቀርባል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት የፍትሕ ፌሎሺፕ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ ሲሆን አዲስ የሕግ ምሩቃን ሄግ ላይ ከዳኞች ጋር ለአሥር ወር ያህል ይሠሩበታል። ተመራቂው በራሱ አያመለክትም፤ እጩ የሚያቀርበው ዩኒቨርሲቲው ነው። ቀድሞ ወጪውንም የሚችለው ዩኒቨርሲቲው ብቻ ስለነበር ዕድሉ በአብዛኛው በሀብታም ዩኒቨርሲቲዎች ምሩቃን እጅ ቀርቶ ነበር። ይህ ቅሬታ ተደጋግሞ ተነስቶ በታኅሣሥ 2020 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከታዳጊ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ለሚመጡ እጩዎች የሚውል ፈንድ እንዲቋቋም ወሰነ። ይህን ያላወቀ የፋኩልቲ ዲን እጩ አያቀርብም። ለዲኑ የሚነግረው ተማሪ ያስፈልጋል፤ ያ ተማሪ እናንተ ብትሆኑ ምን ይከለክላል?

አንዳንዱ ደግሞ ጊዜውን መጠበቅ ይፈልጋል። የእንግሊዝ መንግሥት ቼቭኒንግ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅ ገና ተማሪ ሆኖ ማመልከት ድካም ነው። የሄግ ዓለም አቀፍ ሕግ አካዳሚ የበጋ ኮርሶች ግን አጭር ናቸው፤ የነፃ ትምህርት ድጋፍም አላቸው። የትም መሄድ ለማይችል የተባበሩት መንግሥታት በ2008 የከፈተው የዓለም አቀፍ ሕግ የድምፅና ምስል ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በዘርፉ ስመ ጥር የሆኑ ምሁራንና ዳኞች የሰጧቸውን ትምህርቶች ያለ ክፍያ ይሰጣል። ለፌሎሺፕ ቃለ መጠይቅ ከዚህ የተሻለ መዘጋጃ አላየሁም።

«ኔትወርኪንግ ማለት ማሽቃበጥ ነው»

ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ቅን ተማሪዎች ናቸው፤ ስለዚህ በቁም ነገር የተሰጠ መልስ ይገባቸዋል። ሥራ በዘመድ መፈለግን የሚጸየፍ ሰው የሙያ ትውውቅንም ከዚያው ይደምረዋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ዘመድ የማይገባችሁን ይሰጣችኋል፤ የሙያ ትውውቅ ግን ሥራችሁ ለሚመለከተው ሰው እንዲታይ ያደርጋል።

ሶሲዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት አዲስ ሥራ የያዙ ባለሙያዎችን ጠይቆ ነበር። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ያንን ሰው አዘውትረው የሚያገኙት 16.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። 55.6 በመቶዎቹ አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶዎቹ ደግሞ ከስንት አንዴ ነበር የሚገናኙት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የቅርብ ጓደኛ የሚያውቀውን እናንተም ታውቁታላችሁ። አዲስ ወሬ የሚመጣው ከራቀ ሰው ነው። ስለዚህ ኔትወርኪንግ የታላላቅ ሰዎችን ስልክ ቁጥር መሰብሰብ አይደለም፤ በውድድሩ የተሸነፋችሁለት የሌላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ራሱ ትልቅ ትውውቅ ነው።

ለማታውቁት ምሁር ወይም ጠበቃ ስትጽፉ ምን ትላላችሁ? «ሥራዎን እጅግ አደንቃለሁ፣ ምክር ይስጡኝ» የሚል መልእክት መልስ ለመስጠት አያመችም። ይህን ሞክሩ፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። የውጭ አገር የግልግል ውሳኔዎችን ስለማስፈጸም የጻፉትን አንብቤ አንድ ጥያቄ ተፈጠረብኝ። በ1958ቱ የኒው ዮርክ ስምምነት የሕዝብ ፖሊሲ መቃወሚያ ውሉ በጉቦ የተገኘ መሆኑ ከውሳኔው በኋላ ሲታወቅም ይሠራል ይላሉ? ጊዜ ካገኙ በሁለት መስመር ቢመልሱልኝ አመሰግናለሁ።»

ይህ ማሽቃበጥ አይደለም። ማንበባችሁን ያሳያል፣ ጊዜ አይወስድም፣ የሚጠይቀውም ዕውቀት ነው። መልስ ከመጣ ከወራት በኋላ ጽሑፋችሁን ጨርሳችሁ «በምላሽዎ ምክንያት ሁለተኛውን ክፍል ቀይሬዋለሁ» ብላችሁ ላኩላቸው። ከሁሉም የበለጠ የሚታወሰው ይህ ነው፤ ተማሪዎች ግን መልስ ካገኙ በኋላ ይጠፋሉ።

«ክፍያ የሚጠይቅ ውድድር የተከበረ ነው»

አይደለም። መጠነኛ የምዝገባ ክፍያ ያላቸው እውነተኛ ውድድሮች አሉ፤ ክፍያው ግን የጥራት ምልክት አይደለም። አዘጋጁ ማን እንደሆነ፣ ዳኞቹ በስም መገለጻቸውን እና ያለፉት ዓመታት አሸናፊዎች ጽሑፍ የት እንደሚገኝ አጣሩ። ሁሉም ተሳታፊ «የላቀ» የምስክር ወረቀት የሚያገኝበት ከሆነ ተዉት። የቅጂ መብቱን አንቀጽም አንብቡ፤ ያላሸነፈውን ጽሑፍ ጭምር የአዘጋጁ ንብረት የሚያደርጉ ደንቦች ያጋጥማሉ። ውል ማንበብ የምንማር ሰዎች ይህን ሳናነብ መፈረማችን ያሳዝነኛል።

«ረቂቁን ማሽን ቢጽፍልኝ ማን ያውቃል?»

በሰኔ 2023 የኒው ዮርክ ፌዴራል ዳኛ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው ባቀረቡ ጠበቆችና በጽሕፈት ቤታቸው ላይ የ5000 ዶላር ቅጣት ጥሏል። የተያዙት ሌላው ወገን የተጠቀሱትን መዝገቦች ፈልጎ ስላጣቸው ነው። የውድድር ዳኞችም ይፈልጋሉ። አንዳንድ ውድድሮች እንዲህ ያለውን መሣሪያ ፊደል ለማረም ይፈቅዳሉ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ ይከለክላሉ፤ ደንቡን እዩ፣ ያላነበባችሁትን ፍርድ ደግሞ በጭራሽ አትጥቀሱ።

«ካላሸነፍኩ ድካሜ ከንቱ ነው»

የወደቀ ጽሑፍ የጽሑፍ ናሙና ይሆናል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ምዕራፍ ይሆናል፣ ተሻሽሎ ለሕግ መጽሔት ይላካል። የቅጂ መብቱ በእጃችሁ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ የመጽሔቱን ደንብ ተመልከቱ፤ የአሜሪካ የተማሪ መጽሔቶች ጽሑፉን በአንድ ጊዜ ለብዙዎች መላክን ሲቀበሉ በአቻ ግምገማ (ጽሑፉን የዘርፉ ምሁራን ገምግመው) የሚሠሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይከለክላሉ። ለአዘጋጆቹም ውጤቱ በታወቀ ማግስት አጭር መልእክት ላኩ፤ አንባቢዎቹ የጻፉት አስተያየት ካለ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ሁሉም አይልኩም። እኔ ለሁለተኛው ውድቀቴ የደረሰኝ አስተያየት አንድ መስመር ነበር፦ «አራተኛው ክፍል መጀመሪያ መምጣት ነበረበት።» በዚያው ምሽት አራተኛውን ክፍል ወደ ፊት አምጥቼ እንደገና መጻፍ ጀመርኩ።