በአቃቂ ወንዞች ላይ የሚደርሰው የኢንዱስትሪ ኬሚካል ጉዳት አገማገም

ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ ከእንጦጦና ከአካባቢው ከፍታዎች ተነሥተው አዲስ አበባን እያቋረጡ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ ቀበናንና ሌሎች ገባሮችን እየሰበሰቡ በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ከተገናኙ በኋላ ወደ አዋሽ ይቀላቀላሉ። 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል በሚሰፋው በዚህ ተፋሰስ ውስጥ፣ በተለይ በአቃቂ ቃሊቲ አቅጣጫ፣ የቆዳ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የቀለምና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ከባቡር ሐዲዱና ከአውራ ጎዳናው ሳይርቁ ተተክለዋል። ወንዙ ለብዙዎቹ ውሃ መቅጃም ፍሳሽ መልቀቂያም ሆኖ ኖሯል። ስለ አቃቂ መበከል ብዙ ተጽፏል፤ ይሁን እንጂ ወንዙ ተበክሏል ማለትና በወንዙ ላይ የደረሰውን ጉዳት መገምገም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው በአንድ ቀን በተወሰደ ናሙና ሊነገር የሚችል ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን ወንዙ ብክለቱ ባይደርስበት ኖሮ ምን ይመስል እንደነበር፣ ለውጡን ያመጣው ማን እንደሆነና ወደ ቀድሞው ለመመለስ ምን ያህል እንደሚያስወጣ መመለስ ይጠበቅበታል።

አንድ ጊዜ የደረሰን አደጋ መገምገም በአንጻሩ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1986 በስዊዘርላንድ፣ በባዝል አጠገብ፣ የሳንዶዝ ኩባንያ የኬሚካል መጋዘን ሲቃጠል እሳቱን ያጠፋው ውሃ ፀረ ተባይ መድኃኒቶችን አጥቦ ራይን ወንዝ ውስጥ በመክተቱ፣ ኢል የተባለው እባብ መሰል ዓሣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ላይ አለቀ። እዚያ ቀኑም፣ ቦታውም፣ የኬሚካሎቹ ዓይነትም ታውቋል። አቃቂ ግን አደጋ የደረሰበት ቀን የለውም፤ ጉዳቱ ለአሥርተ ዓመታት በየዕለቱ የተጠራቀመ ነው፤ ፋብሪካዎቹ ከመተከላቸው በፊት የነበረውን የውሃ ጠባይ የሚያሳይ ተከታታይ የመለኪያ መዝገብም ስለሌለ ገምጋሚው መነሻ ሁኔታውን ራሱ መገንባት አለበት።

ለዚህ የሚያገለግለው ዋነኛ ዘዴ ከከተማው በላይ ያሉትንና ገና ያልተነኩትን የወንዙን ምንጮች እንደ ማነጻጸሪያ መውሰድ ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮች ካልታሰቡ ንጽጽሩ ያሳስታል። አንደኛ፣ የአዲስ አበባ ምድር ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ዐለት በመሆኑ ክሮሚየም፣ ኒኬልና ማንጋኒዝ በአፈሩ ውስጥ በተፈጥሮ ይገኛሉ፤ በደለል ውስጥ የተገኘ ብረት ሁሉ የፋብሪካ ነው ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ንጹሕ ውሃም ቢሆን በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር 7 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ሲሆን፣ በባሕር ጠለል ላይ ግን 9 ይደርሳል። በሌላ አገር የተዘጋጀን ሠንጠረዥ እንዳለ የሚገለብጥ ዘገባ ጤነኛውን ምንጭ ሳይቀር የታመመ አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል።

የውሃ ናሙና አወሳሰዱ ቀላል ቢመስልም ብዙ ግምገማ የሚበላሸው እዚያው ወንዙ ዳር ነው። ለብረታ ብረት ምርመራ የሚቀዳው ውሃ የብረቱ ቅንጣት ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቅ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ የሰልፋይድ (የሰልፈር ውህድ) ናሙና ግን አሲድ ከነካው ሰልፋይዱ ጋዝ ሆኖ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ዕቃ ሊቀዱ አይችሉም። የተሟሟ ኦክስጅንና የሙቀት መጠን እዚያው ይለካሉ። ቀሪው በበረዶ ሣጥን ወደ ላቦራቶሪ ሲሄድ ማን እንደቀዳው፣ ማን እንደተረከበውና በስንት ሰዓት እንደሆነ የሚገልጽ መዝገብ አብሮት ካልተጓዘ፣ ውጤቱ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ፍርድ ቤት ሲቀርብ ይወድቃል። ከሁሉ የሚከብደው የጊዜው ጉዳይ ነው። የፋብሪካ ፍሳሽ ቀኑን ሙሉ እኩል አይወጣም፤ በሌሊት ወይም ክረምት ወንዙ ሲሞላ የሚለቀቀውን ደግሞ በሥራ ሰዓት በአንዲት ጠርሙስ የሚቀዳ ናሙና አይዘውም። በበጋ ወንዙ ሲቀንስ የሚታየው ክምችት (በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለው የበካይ መጠን) እና በክረምት ጎርፍ የሚቀጥነው ክምችት ከፍሰቱ መጠን ጋር ተባዝተው በቀን ስንት ኪሎ ግራም በካይ እንዳለፈ ካልተሰላ፣ ክረምት ወንዙን ያጸዳው ይመስላል።

በዚህ ጸሐፊ እምነት በአቃቂ ጉዳይ ከውሃው ይልቅ ሊታመን የሚገባው ምስክር ደለሉ ነው። የቆዳ ፋብሪካዎች ፀጉሩን በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ካነሡ በኋላ ቆዳውን በክሮሚየም ጨው ያለፋሉ፤ በተለመደው አሠራር ቆዳው ከሚጨመረው ክሮሚየም የሚይዘው ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ስለሆነ፣ ቀሪው መልሶ ካልተያዘ ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ይህ ሦስት ቫለንሲ (ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር የመጣመር አቅም) ያለው ክሮሚየም ውሃው ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ከጭቃ ቅንጣቶች ጋር ተጣብቆ ይዘቅጣል። ስለዚህም ውሃው ለመጠጥ ከተቀመጠው በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ወይም ለመስኖ ከሚመከረው 0.1 ሚሊ ግራም በታች ሆኖ ሳለ፣ ከሥሩ ያለው ደለል ብዙ እጥፍ ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል። ባለ ስድስት ቫለንሲው ክሮሚየም ግን በውሃ የሚሟሟና ካንሰር አምጪ ስለሆነ ጠቅላላ መጠኑን ብቻ የሚናገር ዘገባ የጉዳቱን ግማሽ ትቶታል። ብረታ ብረት በደቃቁ ጭቃ ላይ ስለሚከማች ደለሉ ተነፍቶ ከ63 ማይክሮ ሜትር የሚያንሰው ክፍል ይመረመራል፤ ውጤቱም ከአሉሚኒየም ይዘቱ ጋር ሲመዛዘን ከዐለቱ የመጣውና ከፋብሪካ የመጣው መለየት ይጀምራሉ።

አባ ሳሙኤል ከዚህ አንጻር ልዩ ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ግንባታው የተጀመረው ይህ ግድብ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሲሆን፣ ለረዥም ዘመን ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። የከተማው ፍሳሽ ሁሉ የሚያርፍበት በመሆኑ ከወለሉ በቱቦ የሚወጣ የደለል ዓምድ፣ ካልተነካካ፣ የየዘመኑን ብክለት በየንብርብሩ ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ንብርብሮቹም በጊዜ ብዛት እየቀነሰ በሚሄደው ጨረር አመንጪ እርሳስ፣ በሊድ 210፣ ሲለኩ ዕድሜያቸው ይገመታል። የጠፋው መነሻ ሁኔታ ከሞላ ጎደል ሊገኝ የሚችለው እዚህ ነው።

ሕይወት ያላቸው ምስክሮችም አሉ። በንጹሕ ምንጭ ድንጋይ ሥር እንደ ሜይፍላይ ያሉ ኦክስጅን የሚወዱ ነፍሳት ዕጮች ሲገኙ፣ ወደ መሐል ከተማ ሲወረድ እነዚህ ጠፍተው ብክለት የሚችሉ ቀያይ ትሎች ብቻ ይቀራሉ። ነፍሳቱ ያለፉትን ሳምንታት ሁሉ ኖረውበታልና የሌሊቱን ፍሳሽ እነሱ ያውቁታል። ችግሩ የመኖሪያ ቤት ፍሳሽም እነዚሁኑ ነፍሳት የሚገድል መሆኑ ነው፤ ከየሰፈሩ መጸዳጃ ቤት የሚወርደው ከፋብሪካው ጋር ተደባልቆ ሲመጣ የኦክስጅኑ መጥፋት ለማን እንደሚጻፍ ያከራክራል። ክሮሚየም፣ ሰልፋይድና ከፍተኛ ጨው አብረው ከተገኙ ግን ወደ ቆዳ ፋብሪካ ያመለክታሉ፤ ከፍሳሹ መውጫ በላይና በታች የተወሰደው ናሙና ደግሞ የትኛው እንደሆነ ያጠብባል።

ጉዳቱ ወንዙ ውስጥ አያበቃም። በወንዞቹ ዳር ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን በወንዙ ውሃ ይለማሉ፤ ቅጠላቸው የሚበላ አትክልቶች ከሌሎቹ የበለጠ ብረታ ብረት ስለሚሰበስቡ አፈሩም፣ ቅጠሉም ለየብቻ መለካት አለባቸው። ቅጠሉ ታጥቦና ሳይታጠብ መመርመሩ ከአቧራ የመጣውን ከሥር ከመጣው ይለያል። በከተማው ደቡብ ያለው የአቃቂ የጉድጓድ ውሃ ለአዲስ አበባ ነዋሪ የሚከፋፈል በመሆኑ ከግምገማው ሊወጣ አይገባም።

በሕግ በኩል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብትን ያረጋግጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በካዩ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል፤ ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በግሉ እንደደረሰበት ማሳየት ሳይጠበቅበት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችልም ይደነግጋል። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል ደንብ ቁጥር 159/2001 ተከትሎታል። ሕጉ በር ከፍቷል፤ የሚያስቸግረው በበሩ ይዞ የሚገባው ማስረጃ ነው።

የገንዘብ ግምቱ የሚሰላው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የገበሬው የአትክልት ገቢ፣ የሞተ ከብትና ሌላ ውሃ የማምጣት ወጪ በአንጻራዊነት በቀላሉ ይቆጠራሉ። ደለሉን የመጥረግ ወጪ ግን ብዙ ጊዜ የቁፋሮውንና የመኪናውን ኪራይ ብቻ ይዞ ይቀርባል። ክሮሚየም የያዘ ደለል ከውሃ ሥር ወጥቶ አየር ሲያገኝና ከማንጋኒዝ ጋር ሲገናኝ የተወሰነው ወደ ባለ ስድስት ቫለንሲው ሊለወጥ ስለሚችል፣ ፍሳሽ የማያሳልፍ ማስቀመጫና የዓመታት ክትትል ከሒሳቡ መግባት አለባቸው፤ እነዚህ ከገቡ ደግሞ በአንዳንድ ቦታ ደለሉን ሳይነኩ ባለበት መሸፈን ያነሰ ወጪ ይጠይቃል።