አፈንጋጭ ሁሉ ወንጀለኛ ነው?

ሁለቱን ቃላት ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ወንጀል ሕግ የከለከለውና ቅጣት የተቀመጠለት ድርጊት ነው። ማፈንገጥ ግን ሰፋ ይላል፤ ሰው ከሚጠብቀው ወጣ ማለት ነው። ሰልፍ ጥሶ ፊት የሚገባን ሰው እንውሰድ። ፖሊስ አይጠራበትም። ከኋላ ያሉት ይተያያሉ፣ አንዱ "ወንድም፣ ሰልፍ አለ እኮ!" ይለዋል። ቅጣቱ ያቺው ናት። ዝም ከተባለ ሌላው ይከተለዋል፤ ሦስተኛው "እኔስ ምን ሞኝ ነኝ?" ይላል። ከዚያ ሰልፍ የሚባል ነገር የለም። ወንጀልም እንዲሁ ነው፤ ዝም ከተባለ መተማመን ይጠፋል። ሰፈር ውስጥ ስልክ ቢሰረቅ፣ ለእኔ ከስልኩ መጥፋት ይልቅ ጎረቤት ጎረቤቱን መጠርጠሩ ይከፋል።

ፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኤሚል ዱርኬም በ1895 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ወንጀል የሌለበት ማኅበረሰብ የለም ብሎ ጽፏል። ወንጀል ደግ ነው ማለቱ ግን አይደለም፤ ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ሰዎች ወንጀልን አብረው ሲያወግዙ የማይታለፈውን ድንበር ለራሳቸውም ያስታውሳሉ ነው ነገሩ።

ደግሞ ሕግ የጣሰ ሁሉ አፍራሽ አይደለም። አሜሪካዊቷ ሮዛ ፓርክስ በ1955 ሞንትጎመሪ ከተማ አውቶቡስ ውስጥ ለነጭ ተሳፋሪ ወንበሬን አልለቅም ብላ ታሰረች። በዓመቱ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአውቶቡስ ጥቁርና ነጭ የሚለየው ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል የሚለውን ፍርድ አጸና።