ከተማን ከበረታ አጥቂ መከላከል፦ የጠረጴዛ ጦርነት በባሕር ዳር ካርታ ላይ

በጠረጴዛ ላይ የሚደረግ የጦርነት ጨዋታ ብዙ ዓይነት ነው። ተጫዋችን በጣም የሚያጨቃጭቀው ግን ከተማ መከላከል ነው። አንዱ ወገን ጥቂት ሰው ይዞ ከተማ ውስጥ ይቀመጣል። ሌላው በሰውም በመሣሪያም በልጦ ይመጣል። ሲያዩት ተከላካዩ ያለቀለት ይመስላል። ደንቡን በደንብ ያነበበ ግን ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። የተጠየቀው ጠላትን እንዲደመስስ ሳይሆን እንዲያዘገይ ነውና።

የዚህ ጨዋታ ሥር ፕሩሺያ ነው። ባሮን ፎን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1812 ለንጉሡ አንድ የጦር ጨዋታ አቀረበ። መኮንኑ ልጁ በ1824 አሻሽሎ ለሠራዊቱ አበቃው። ካርታው 1 ለ 8,000 ነበር። አንዱ ተራ የ2 ደቂቃ ውጊያ ነው። ወገኖቹ ቀይና ሰማያዊ ሲሆኑ መሀል ላይ ዳኛ ይቀመጣል። ለገበያ የሚሸጠው ዓይነት የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው፤ አሜሪካዊው ቻርልስ ሮበርትስ በ1954 «ታክቲክስ» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ካርታውን የሚከፋፍሉት ባለ ስድስት ማዕዘን ቤቶች በ1961 ተከተሉ። በ1977 ደግሞ «ስኳድ ሊደር» ወጣ። በእሱ አንዱ ቤት 40 ሜትር ነው፤ አንዱ ቁራጭ ካርቶን ደግሞ አንድ ጓድ ወታደር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮች የዚህ ቤተሰብ ናቸው።

ሰንጠረዥ የሚጫወት ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በሀገራችን ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ «ወረራ» አለ። የመጀመሪያው ቁራጭ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ይደረድራሉ። ግማሹ ጨዋታ እዚያው ያልቃል። ከተማ መከላከልም በድርደራው ይወሰናል። ልዩነቱ፣ እዚህ ተከላካዩ ቀድሞ ይደረድራል፤ አጥቂው አይቶ ይመጣል። ለዚህም ማካካሻ ደንቡ ተከላካዩን እንዲደበቅ ይፈቅድለታል።

ባሕር ዳር ለእንዲህ ያለ ጨዋታ የተሠራች ትመስላለች። በሰሜን ጣና ይዘጋታል። በምሥራቅ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ጢስ ዓባይ ይወርዳል። ከጎንደር በኩል የሚመጣ አጥቂ ወንዙን መሻገር አለበት። ከመራዊ ወይም ከአዴት የሚመጣው ግን ሜዳ ያገኛል። በዛዊት ኮረብታ ላይ የወጣ ተመልካች ደግሞ ወንዙንም ከተማውንም ቁልቁል ያያል። መድፍ ያለው ወገን በመጀመሪያ የሚመኘው እሱን ነው። ኮረብታው ከከተማው ወጣ ስለሚል ጥቂት ሰው ላለው ተከላካይ መያዙ ይከብዳል። እኔ ብሆን ሁለት ሰውና ሬዲዮ አስቀምጬ፣ ሲመጡ ልቀቁ እላለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። ተኩስ ለዚህ ከተማ ሰው ጨዋታ አይደለም። ስለዚህ ተዋጊዎቹን እንደ ፕሩሺያኖቹ ቀይና ሰማያዊ ብሎ መተው ይሻላል። ጊዮርጊስ ላይ የተኮሰ ወገን ነጥብ ይቀነስበት የሚል ደንብ ቢጨመርም ጥሩ ነው። ጨዋታውንም ያጣፍጠዋል፤ አጥቂው መድፉን እንዳሻው መጠቀም አይችልምና።

ሂሳቡ

እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው ሥራ አንድ ቀላል ነገር አሳየ። ሁሉም ሰው ሁሉንም ማየትና መተኮስ ከቻለ፣ የብዛት ጉልበት በካሬ ያድጋል። 3 ለ 1 የሆነ ጦር በሜዳ ላይ እንደ 9 ለ 1 ይሆናል። ከተማ ይህን ያፈርሰዋል። ግድግዳ፣ አጥርና ጠባብ መንገድ እይታን ይቆርጣሉ። ሦስት ጓድ ቢመጣም መንገዱ ላይ ብቅ የሚለው አንዱ ነው። ተከላካዩ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ አንድ በአንድ መገናኘት።

ሁለተኛው ጥቅም ግድግዳው ራሱ ነው። ውጤቱ በሁለት ዳይስ ይወጣል፤ ለተኳሹ ትንሽ ቁጥር ጥሩ ነው። ተኳሹ 7 ወይም ከዚያ በታች ያስፈልገዋል እንበል። ዕድሉ ከ36 ውስጥ 21 ነው። ኢላማው የድንጋይ ቤት ውስጥ ከሆነ ግን በወጣው ቁጥር ላይ 3 ይጨመርበታል። አሁን 4 ወይም ከዚያ በታች መጣል አለበት፤ ይህም ከ36 ውስጥ 6 ብቻ ነው። የእንጨት ቤት 2 ይጨምራል። የጭቃ ቤት ከቆርቆሮ ጣራ ጋር ከእንጨት በላይ አይታሰብም። እንግዲህ ሰው የሚቀመጠው የግንብ ቤቶች ውስጥ ነው፤ ጭቃ ቤቶቹ ለማለፊያ ይተዋሉ።

ድርደራው

ጀማሪ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ያለውን ሁሉ ከተማው ዳር ላይ ይደረድራል፤ የቀረውን ድልድዩ አፍ ላይ ያፈሳል። አጥቂው ቦታውን በሞርታር ይወቅጠዋል፤ ጭስ ያለብሰዋል፤ ከዚያ ይገባል። የዳር ቤቶችን ሜዳ ላይ ያለው ጠላት ሁሉ ስለሚያያቸው የላንቸስተር ሂሳብ ተመልሶ ይመጣል።

የተሻለው ሁለተኛውና ሦስተኛው ረድፍ ቤት ውስጥ መቀመጥ ነው። ዳር ላይ አንድ መትረየስና ጥቂት የውሸት ምልክቶች ይቀራሉ። የውሸት ምልክት ማለት ተገልብጦ የሚቀመጥ፣ ከሥሩ ምንም የሌለበት ካርቶን ነው። አጥቂው ባዶ መሆኑን እስኪያረጋግጥ አንድ ሁለት ተራ ይበላበታል። ተከላካዩ የመጣው ለዚህ ነው።

ድልድዩን ለብቻው እንየው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው። በ40 ሜትር ሲካፈል ወደ 10 የካርታ ቤት ይጠጋል። እግረኛ በአንድ ተራ 4 ቤት ቢሄድ፣ ለመሻገር 3 ተራ ያለ ከለላ ይቆያል። ታዲያ ድልድዩ ጫፍ ላይ ሰው ማስቀመጥ ለምን አስፈለገ? ጎን ለጎን ካሉ ሕንፃዎች ሁለት መትረየስ በአግድም ቢያነጣጥሩበት ይበቃል። ቁምነገሩ ጠላት መሀል እስኪደርስ አለመተኮስ ነው። እጅ ይበላል፤ ቢሆንም መታገሥ ነው።

ከተማው መሀል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የባሕር ዳር ሰፋፊ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀርመናዊው ማክስ ጉተር ባወጣው ፕላን የመጡ ናቸው። ለሽርሽር ግሩም ናቸው። በካርታው ላይ ግን የጥይት ቦይ ይሆናሉ። ዘንባባው ለጥላ እንጂ ለከለላ አይሆንም። አንድ መትረየስ መስቀለኛው ላይ ቢቀመጥ ጎዳናውን ከዳር እስከ ዳር ይዘጋል። ይህ ግን ተከላካዩንም ይቆርጣል። ግራ ክንፉ ሲጨነቅ ከቀኝ ሰው ልላክ ቢል መንገዱን መሻገር አለበት። መፍትሔው ተጠባባቂውን ከመጀመሪያው ሊፈለግ በሚችልበት ጎን ማስቀመጥ ነው። ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ማስቀረት አይበዛም። ብዙ ተጫዋች ግን ተጠባባቂ ሲባል ሥራ የፈታ ይመስለዋል።

ሐይቁ ነገሩን ሁለት ዓይነት ያደርገዋል። ከሰሜን የሚከብብህ የለም፤ የደንገል ታንኳ ጥቂት ሰው እንጂ ጦር አያመጣም። ግን ማፈግፈጊያም የለም። ስለዚህ ከአንዱ ቤት ወደ ቀጣዩ የመውጫው መንገድ ጨዋታው ሳይጀመር ይታሰባል፤ የመጨረሻዎቹ ቤቶችም በጣም የጠነከሩት ይሁኑ። መልሶ ማጥቃት የሚጠቅመው አጥቂው ቤት ይዞ ገና ሳይረጋጋ፣ በዚያው ተራ ነው። አንድ ተራ ካለፈ ሰው መጨረስ ነው።

ብልጫ በቁጥር ብቻ ሳይሆን ለጠላት ዓይን በሚታየውም እንደሚለካ የጎጃም ታሪክም ያሳያል። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት «ጌዴዎን ጦር» 2,000 ያህል ሰው ይዞ፣ ከአርበኞች ጋር ሆኖ፣ በቁጥር በብዙ የሚበልጠውን የጣሊያን ጦር በሌሊት ጥቃትና በማስመሰል አስጨነቀው። ጣሊያኖች የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቀቁ፤ በመጋቢት መጨረሻም ደብረ ማርቆስ ተያዘች። በጨዋታ ደንብ ይህንን የሚተካው ተደብቆ መቀመጥና የውሸት ምልክቱ ነው። የተከላካዩ ቁጥር ለአጥቂው ከታየ ጨዋታው ግማሽ ጣዕሙን ያጣል። በኮምፒውተር መጫወት እዚህ ላይ ይሻላል፤ ማሽኑ ያልታየውን አያሳይም።

ሚዛኑን ማስተካከል ቀላል ዘዴ አለው። ሁለቱም ተጫዋቾች ለመከላከል ስንት ተራ እንደሚችሉ በወረቀት ይጽፋሉ። ብዙ ተራ የጻፈው ተከላካይ ይሆናል፤ ማሸነፊያውም ያ ቁጥር ነው። 8 ብሎ የጻፈ ሰው በ7ኛው ተራ ላይ አንድ የግንብ ቤት ቢቀረው ገና አልተሸነፈም።